የአሥራ አራት ቁጥር በር

ኖቬምበር 3

ካምፑ ለብርዱ ወራት ዛሬ ተከፈተ። ሃያ ሁለት ቦታ፣ ሃያ ሁለት የመብራት ሳጥን። የአስተናጋጅነቱን ሥራ ያስገኘልን የባለቤቴ የአርዲስ ወንድም ደልማር ነው። እንግዳው እንደ መኪና የሚነዳውን ተሽከርካሪ ቤቱን አቁሞ የመብራት ገመዱን ከመሰካቱ በፊት እኔ ሶኬቱን በባለ ሦስት መብራቱ መፈተሻ አይቼ የቦታው መመዝገቢያ ካርድ ላይ እፈርማለሁ። ሁለት ቢጫ ከበራ ደህና ነው። አንድ ቢጫ ብቻ ከሆነ አምልጦ የወጣ ኃይልን ወደ አፈር የሚያወርደው የመሬት መስመር ተቋርጧል። ቀይ ከታየ ሽቦዎቹ ቦታ ተለዋውጠዋል። ይህን ሁሉ የምጽፈው ከልማድ ነው፤ ሚኒሶታ በነበርኩበት የሚዛንና የመለኪያ ላቦራቶሪ ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ፣ ያልተጻፈ ልኬት እንዳልተለካ ይቆጠር ነበር።

ሃያ አንዱ ደህና። ቁጥር 14 ላይ አንድ ቢጫ ብቻ።

ደልማር አርባ ዓመት የቤት ኤሌክትሪክ የዘረጋ ሰው ነው። «ፕሮፌሰር፣ አንተ ሂድና የ16ን ውሃ ዝጋ፤ ይቺን ለኔ ተዋት» አለኝ። ስመለስ የሳጥኑን ክዳን እየገጠመ ነበር። አራት ደቂቃ ፈጀ። ሁለት ቢጫ በራ።

«ምን ነበረ?»

«የላላች ብሎን።»

ካርዱ ላይ «የላላ ብሎን፤ ተጠግኗል» ብዬ ፈረምኩ። ከዋናው ሰሌዳ እስከ 14 ድረስ አዲስ የመሬት መስመር ለመቅበር አርባ ሜትር ያህል መቆፈር ያስፈልጋል። አካፋ አላየሁም። ሳጥኑ ሥር የወደቀ የሽቦ ልጣጭ ነበር፤ ጠርጌ ጣልኩት። ብሎን ግን ይላላል።

ኖቬምበር 9

14 ተያዘ። ወይዘሮ ኦሊታ ፕሩዊት፣ ሰባ ስምንት ዓመት፣ ከኦክላሆማ እስከ አሪዞና ድረስ ብቻቸውን ነድተው መጡ። ባለቤታቸው ካረፉ አሥራ አንድ ዓመት ሆኗቸዋል፤ ከዚያ ወዲህ ሌላ ቤት የላቸውም። ፔካን የሚባል እግረ አጭር ውሻ አላቸው። አቅጣጫ ላሳያቸው እጄን ባወዛውዝ በመስኮት ብቅ ብለው፣ «አንተ ሰውዬ፣ ከመንገዴ ዞር በልልኝ፤ ጭፈራ ነው እንዴ?» አሉኝ። ጎማዎቹን የእንጨት መደቦቹ ላይ በአንድ ሙከራ አወጧቸው። ወርደው ካርዱን በመነጽራቸው አነበቡ።

«ይሄ ፊርማ ያንተ ነው?»

«አዎን፣ የኔ ነው።»

«እንግዲያው ሰካሁ።»

ኖቬምበር 24

ፊኒክስ የሚኖረው የካምፑ ባለቤት ከ13 እስከ 18 ያለውን መደዳ የሚመግበውን ዋና ሰሌዳ የሚቀይር ሠራተኛ ላከ። ሰውዬው ለምስጋና ቀን ቤቱ ለመድረስ ይጣደፍ ነበር። የድሮዎቹ ሽቦዎች ቀለማቸውን ፀሐይ ጨርሶታል፤ ጥቁሩም ነጩም አመድ መስሏል። «እንዴት ትለያቸዋለህ?» ብዬ ጠየቅሁት። «በልምድ» አለኝ።

ከሄደ በኋላ ስድስቱንም ሳጥን ፈተሽኩ። ስድስቱም ሁለት ቢጫ። ፈረምኩ።

ዲሴምበር 2

ወይዘሮ ኦሊታ ጠዋት መጥተው በራቸው እንደነዘራቸው ነገሩኝ። «ቆንጠጥ አደረገኝ፤ እንደ ክፉ አማት።» ሶኬቱን ፈተሽኩ። ሁለት ቢጫ። አየሩ ደረቅ ነው፤ ወለላቸው ምንጣፍ አለው። ሰው በእግሩ ምንጣፍ ሲያሽ የሚፈጠር ጥቃቅን ብልጭታ መሆኑን አስረዳኋቸው። ካርዱ ላይ፦ «ደህና»።

«ሰባ ስምንት ዓመት ምንጣፍ ረግጫለሁ» አሉኝና ሄዱ።

ዲሴምበር 6

ለሁለተኛ ጊዜ። ሁለት ቢጫ። ደህና።

ፔካን የብረት ደረጃውን አልረግጥም ብሏል። ሥሩ ተቀምጦ ያለቅሳል፤ አቅፈው ያስገቡታል። ደልማር አይቶ፣ «ፓ! ንጉሥ ነው ይሄ ውሻ። እኔንም አቅፎ የሚያስገባ በኖረ!» አለ። ሁላችንም ሳቅን። እኔም ሳቅሁ።

ዲሴምበር 12

ለአራተኛ ጊዜ። ዛሬ ወይዘሮ ኦሊታ ብጣሽ ወረቀት ይዘው መጡ። በራቸው የነዘራቸውን ቀንና ሰዓት ጽፈዋል። ሁሉም ጠዋት ነው፣ ጤዛ ሳይደርቅ። ከቀትር በኋላ አንድም የለም። አንድ ቀን ደግሞ የውሻውን ሳህን አጥበው ውሃውን ደረጃው ሥር ከደፉ በኋላ፤ «ያን ቀን እስከ ክርኔ ነው የመጣው» ብለዋል።

አሠራራቸው ንጹሕ ነው። ላቦራቶሪ ቢሆን ኖሮ አመሰግናቸው ነበር።

የምንጣፍ ብልጭታ በእርጥበት ይቀንሳል እንጂ አይጨምርም። ስለዚህ ይህ ምልከታ ከሰጠሁት ማብራሪያ ጋር አይጣጣምም። መዝግቤዋለሁ። ሶኬቱ ሁለት ቢጫ ነው።

ዲሴምበር 14፣ ሌሊት

አርዲስ ተኝታለች። እንቅልፍ ስላልመጣልኝ አንድ የድሮ ነገር እጽፋለሁ።

ላቦራቶሪ በገባሁ በመጀመሪያው ሳምንት አለቃዬ ያስተማረኝ፣ የአንድ ነጋዴ ሚዛን በራሱ በነጋዴው ድንጋይ እንደማይፈተሽ ነው። ድንጋዩም ሚዛኑም እኩል ተበላሽተው ከሆነ እርስ በርሳቸው ይስማማሉ፤ ገዢው ብቻ ይጎዳል። ከውጭ የመጣ፣ ከሁለቱም ጋር ዝምድና የሌለው ድንጋይ ያስፈልጋል። ይህን ለስንት ጀማሪ ሠራተኛ ደግሜ እንዳስተማርኩ አላስታውስም።

መፈተሻችን የሶኬቱን ሦስት ሽቦዎች የሚያወዳድረው እርስ በርሳቸው ነው። ከነሱ ውጭ ያለውን መሬት አያውቅም። ኃይሉን ወደ ሰሌዳው የሚመልሰው የመመለሻ ሽቦና የመሬት መስመሩ ሳጥኑ ውስጥ በአንዲት ቁራጭ ሽቦ ቢታሰሩ መፈተሻው ደስ ይለዋል፤ ሁለት ቢጫ ያበራል። ከታሰሩ በኋላ ደግሞ ኃይል ያለው ሽቦና መመለሻው ከሩቅ ቦታ ቢለዋወጡ፣ አሁንም ሁለት ቢጫ ነው። የቤቱ ብረት ግን...

ይህ ግምት ነው። ካርዱ ላይ ለግምት የሚሆን ዓምድ የለም።

የኤሌክትሪክ ኃይል መለኪያዬ፣ መልቲሜትሬ፣ አልጋው ሥር ባለው ሣጥን ውስጥ ነው። ብረቱን ከአፈሩ ጋር አገናኝቶ ለመለካት አምስት ደቂቃ ይበቃል። ነገር ግን የ14ን ሳጥን የሠራው ደልማር ነው፤ ሥራውን ያስገኘልን ደልማር ነው፤ አርዲስ ከሦስት ዓመት ኩርፊያ በኋላ ከወንድሟ ጋር የታረቀችው በዚህ ዓመት ነው። ያለ በቂ ምክንያት የሰው ሥራ መክፈት ተገቢ አይደለም።

አርዲስ ነቅታ ነበር። «ምን ትጽፋለህ በዚህ ሌሊት?»

«የአየር ጠባይ።»

ዲሴምበር 20

ወይዘሮ ኦሊታ ትናንት ጠዋት ከደረጃቸው ወደቁ። የግራ አንጓቸው አብጧል፤ አልተሰበረም። በሩ እንደወረወራቸው ይናገራሉ። በሩ ሰው አይወረውርም፤ እጅ ሲደነግጥ ግን ሰውነት ወደ ኋላ ይሄዳል።

ትናንት በቅዳሜው የጋራ ምሳ ላይ፣ ባቄላዬን ስጨልፍ ከኋላዬ የሰማሁት፦

«ኦሊታ ከበሯ ጋር ተጣልታለች አሉ።»

«ባልሽ ከሞተ በኋላ ከማን ጋር ትጣያለሽ ታዲያ?»

«ኧረ አትሳቂ፣ እናቴም እንዲህ ነው የጀመራት። እሷ ከምድጃው ጋር ነበር።»

«ውሻውም አብሯት ጃጅቷል።»

አንዲቱ ለወይዘሮ ኦሊታ ልጅ ደውላ እንደነገረችው ሰማሁ። ዘወር አልኩ፤ ምግቤን አርዲስ አጠገብ ሄጄ በላሁ።

ዲሴምበር 21

ፈተሽኩ። ሁለት ቢጫ። ለስድስተኛ ጊዜ።

ዲሴምበር 28

ልጃቸው ሮድኒ ከአይዳሆ መጣ። ሃምሳ ዓመት የሚሆነው፣ ጨዋ፣ የደከመው ሰው። የካምፑ አዳራሽ ውስጥ አገኘኝ።

«አቶ ቨርሊን፣ እርስዎ የተማሩ ሰው እንደሆኑ ነገሩኝ። እናቴ በሩ ኤሌክትሪክ አለው ትላለች። አለው?»

«ሶኬቱን ሰባት ጊዜ ፈትሻለሁ። ሰባቱም ትክክል ናቸው።»

«ታዲያ እሷ ምን ሆና ነው ይላሉ?»

«በእሱ ላይ አስተያየት ለመስጠት ሙያው የለኝም።»

የካርዱን ቅጂ ጠየቀኝ፤ ለሐኪም ለማሳየት። ፈርሜ ሰጠሁት። ወረቀቱን በጥንቃቄ አጥፎ የደረት ኪሱ ውስጥ ከተተው። «አመሰግናለሁ። ቢያንስ አንድ የተጣራ ነገር አገኘሁ» አለኝ።

ከተናገርኩት ውስጥ ሐሰት የለበትም። ደግሜ ደጋግሜ አየሁት። አንድም ቃል ሐሰት አይደለም።

ጃንዋሪ 3

ደልማር ከምሳ በኋላ ብቻውን የፈረስ ጫማ ብረት እየወረወረ የተተከለ እንጨት ላይ የማስገባት ጨዋታ ሲጫወት አገኘሁት።

«ደልማር፣ የ14ቷ ብሎን የትኛዋ ነበረች?»

«የቷ ብሎን?»

«በኖቬምበር የላላችው።»

ወረወረ። ሳተ። «ስለ ሴትዮዋ ነው ነገሩ? እንዴ ፕሮፌሰር፣ አንተም ጀመረህ?»

«መጠየቄ ብቻ ነው።»

«በድሮ ቤት፣ ሦስተኛ ሽቦ በሌለበት፣ ምን እንደሚደረግ አንተ መጽሐፍ ላይ አንብበሃል፤ እኔ በነዚህ እጆች ሠርቻለሁ። አርባ ዓመት! አንድ ሰው ሞቷል? አንድ ድመት ሞቷል?»

«አልሞተም።»

«14ን ከቆፈርክ ሃያ ሁለቱንም መቆፈርህ ነው። ባለቤቱ ደግሞ አይቆፍርም፤ ዝጉት ነው የሚለው። የዱሉዝ ቤታችሁን ሸጣችኋል። እኅቴን የት ልታሳድራት ነው? ላቦራቶሪ?»

«ገባኝ።»

«ከገባህ ወርውር፤ ተራህ ነው።»

ወረወርኩ። ከእንጨቱ ላይ ገባልኝ። ትከሻዬን መታ መታ አደረገና፣ «አየህ? አንዳንዴ ሳታስብ ስትሠራ ያምርብሃል» አለኝ።

ጃንዋሪ 9

ሮድኒ ለእናቱ ቤቱ አጠገብ ባለ የአረጋውያን መኖሪያ አንድ ክፍል አግኝቷል። ተሽከርካሪ ቤታቸውን የሚገዛ ሰው በሚቀጥለው ቅዳሜ ያያል። ፔካንን መኖሪያው አይቀበልም።

ወይዘሮ ኦሊታ ዛሬ ራሳቸው ጠሩኝ። ደረጃው ላይ ሳይሆን ራቅ ብለው የላስቲክ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል።

«ቁልፌን ወሰደብኝ» አሉ። «ክፉ ልጅ አይደለም። ፈርቶ ነው። ሐኪሙ ዘንድ ሄደን ያንተን ወረቀት አወጣለት። ሐኪሙ አንብቦ እኔን ቀና ብሎ አየኝ። እንዴት እንዳየኝ ልንገርህ?»

«ወይዘሮ ኦሊታ፣ ልኬቶቹ...»

«ስለ ልኬት አልጠየቅሁህም። አንተ ታምነኛለህ ወይ?»

ጉዳዩን በጥሞና እያጤንኩት መሆኔን ነገርኳቸው።

«አጢነው እንግዲህ» አሉኝ። «እስከ ቅዳሜ ጊዜ አለህ።»

የአየር ትንበያ፦ ማክሰኞ ዝናብ። በዚህ ሸለቆ ከኦክቶበር ወዲህ የመጀመሪያው።

ጃንዋሪ 11

ደመና። መልቲሜትሩን አወጣሁ። ባትሪውን ቀየርኩ። መልሼ አስቀመጥኩት።

አርዲስ፦ «ለምንድን ነው እንደ ታሰረ ሰው የምትንቆራጠጠው? ቁጥር የሌለው ነገር አይሰማህም እንዴ አንተ?»

ጃንዋሪ 12፣ ጠዋት

ከንጋቱ 12:40። በጨለማ ዘነበ። መሬቱ ረስርሷል።

የላስቲክ ጫማ። ግራ እጅ ኪስ ውስጥ። ረጅሙን ካቻቪቴ ጭቃው ውስጥ እስከ እጀታው ቀበርኩት። የመልቲሜትሩ አንዱ ጫፍ እሱ ላይ፣ ሌላው የደረጃው ብረት ላይ።

117 ቮልት።

ደገምኩ። 117። የበሩ እጀታ፣ 117። የመስኮቱ ክፈፍ፣ 117።

ሶኬቱ አሁንም ሁለት ቢጫ።

ውስጥ መብራት በራ። እግራቸውን ሰማሁ፤ ፔካን ለመውጣት ያለቅሳል። «አይውጡ! በሩን አይንኩ! ወይዘሮ ኦሊታ፣ እጅዎን ከብረቱ ያርቁ!» ብዬ ጮህኩ። እንዲህ ጮኼ አላውቅም።

ከውስጥ፦ «ይሄን ስድስት ሳምንት ሙሉ እኔ ስልህ አልነበረም?»

ዋናው ሰሌዳ ላይ የ14ን ብሬከር አጠፋሁ። ለካሁ። ዜሮ። ከዚያ ተመልሼ ሄጄ የመደዳውን ዋና ማጥፊያ አወረድኩት። ስድስት ቤት ጨለመ። ሰዎች እየወጡ ነው።

ጃንዋሪ 12፣ ሌሊት

በቅደም ተከተል ለመጻፍ እሞክራለሁ።

ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ መደዳው በሙሉ ካፖርት ደርቦ አዳራሹ ውስጥ ነበር። ማሞቂያቸው የጠፋባቸው ይራገማሉ። «ዝናብ ያየህ ዛሬ ነው እንዴ?» የሚል ድምፅ ሰማሁ። ሮድኒ ከእናቱ ጎን ቆሟል። ደልማር በሩ አጠገብ ነበር።

የ14ን ሳጥን ከፍቼ አይቼዋለሁ፤ ያየሁትን ነገርኳቸው። የመሬት መስመሩ ከድሮ ጀምሮ የተቆረጠ ነው። በምትኩ መመለሻውንና የሶኬቱን የመሬት ቀዳዳ የምታገናኝ የጣት ርዝመት ያላት ሽቦ ገብታለች። እሷ ብቻዋን ማንንም አልነዘረችም። በኖቬምበር መጨረሻ ግን ዋናው ሰሌዳ ሲቀየር የ14 ሁለት ሽቦዎች ቦታ ተለዋወጡ። ከዚያ ቀን ወዲህ የወይዘሮ ኦሊታ ቤት ብረት በሙሉ፣ በሩም ደረጃውም፣ የመስመሩን ሙሉ ኃይል ተሸክሟል። ጎማዎቹ እንጨት ላይ ናቸው፤ አፈሩ ደረቅ ነበር፤ እስከ ዛሬ ያቆያቸው እሱ ብቻ ነው። ዛሬ ጠዋት ውሻውን ለማውጣት በባዶ እግራቸው ጭቃውን ረግጠው እጀታውን ቢይዙ ኖሮ አይለቃቸውም ነበር።

ማን እንዳደረገው ከመናገሬ በፊት ደልማር ወደ ፊት መጣ።

«ሽቦዋን ያስገባኋት እኔ ነኝ» አለ። «አርባ ዓመት እንዲያ ነው የሠራሁት። ሰሌዳው ላይ እንደተለዋወጠ አላወቅሁም። ኦሊታ፣ በእግዚአብሔር ስም፣ አላወቅሁም።»

ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። ቁጣ አልነበረበትም፤ ፊቱ የልጅ ፊት ሆኖ ነበር።

«አንተስ? መቼ ነው የጠረጠርከው?»

«በዲሴምበር» አልኩ።

«በዲሴምበር! እና ዝም አልከኝ? ብትነግረኝ በዚያው ቀን በጥርሴ እነቅላት ነበርኮ!»

ሮድኒ የታጠፈውን ወረቀት ከደረት ኪሱ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠልኝ። «በዚህ ወረቀት እናቴን አሳብጄያት ነበር» አለኝ። ድምፁን ከፍ አላደረገም። ቁልፉንም አውጥቶ ለእናቱ ሰጣቸው፤ እሳቸው ተቀብለው ሳያዩት ኪሳቸው ከተቱት።

ወይዘሮ ኦሊታ አንድ ነገር ብቻ ጠየቁኝ።

«ስንት ጊዜ ነገርኩህ?»

«ዘጠኝ ጊዜ።»

«ቆጥረሃል እንግዲህ» አሉ።

ጃንዋሪ 13

የካምፑ ባለቤት ደወለ። መደዳው እስኪቆፈር ይዘጋል። ደልማር ከዛሬ ጀምሮ ሳጥን አይነካም። እኔ እስከ ፌብሩዋሪ መጨረሻ ስልክ እመልሳለሁ፤ ከዚያ ቦታውን እንለቃለን።

ከሰዓት በኋላ ስመለስ ይህ ደብተር ከተውኩበት ቦታ ሁለት ጣት ያህል ወደ ግራ ተዛውሮ፣ የኖቬምበር 3 ገጽ ላይ ተከፍቶ አገኘሁት። አርዲስ ትራሷን እየሸከፈች ነበር።

«ለወንድሜ 'በዲሴምበር' አልከው፤ አይደል?»

«አዎን፣ አልኩት።»

ለጥቂት ቀን ደልማር ዘንድ ትሆናለች።

ጃንዋሪ 16

ገዢው እንዳይመጣ ተነግሮታል። ወይዘሮ ኦሊታ ጠዋት ሄዱ፣ ብቻቸውን እየነዱ። ሮድኒ አውሮፕላን ማረፊያ በሌላ ሰው መኪና ሄደ፤ ከመሄዱ በፊት የጎማዎቹን አየር ለክቶላቸዋል። ደልማር የእንጨት መደቦቹን ለቅሞ ጫነላቸው፤ እጁን ያዙት። እኔ ገመዱን ጠቅልዬ ሰጠኋቸው። ተቀበሉኝ።

ይቅርታ ለመጠየቅ ዓረፍተ ነገር አዘጋጅቼ ነበር። ሞተሩ ሲነሳ ገና መካከሉ ላይ ነበርኩ።

ጃንዋሪ 24

ቆፋሪዎቹ 14 ደረሱ። የድሮው የመሬት መስመር ሦስት ቦታ ዝጎ ተበልቷል። አርዲስ ልብሷን ልትወስድ መጥታ ነበር። ምግብ ትታልኝ ሄደች።

ፌብሩዋሪ 2

ጠዋት የካምፑ ስልክ ጮኸ። ኒው ሜክሲኮ ካለ ካምፕ፣ ያልተዋወቅሁት አስተናጋጅ ነው።

«ወንድም፣ አንዲት ሴትዮ እዚህ መጥታለች። የመጨረሻ ማረፊያዋ እናንተ ጋ ነበር ብላ ቁጥሩን የሰጠችኝ እሷ ናት። መፈተሻዬን አሳየኋት፣ ሁለት ቢጫ። አልሰካም አለች! ካቻቪቴ መሬት ውስጥ ክተትና ከብረቱ ጋር ለካ ትለኛለች። ከኋላዋ አራት ቤት ተሰልፏል። ጤነኛ ናት ግን?»

«ጤነኛ ናቸው» አልኩት። «ያሉህን አድርግ። አፈሩ ደረቅ ከሆነ መጀመሪያ ውሃ ድፋበት።»

ሳቀ። «እሷም እንዲያው ነው ያለችው! ቆይ፣ አትዝጋው።»

ስልኩን ሳይዘጋ ኪሱ ከተተው መሰለኝ። ጠጠር ላይ የሚራመድ ኮቴ፣ የውሃ ድምፅ፣ የአንድ ትዕግሥቱ ያለቀ ሾፌር ጥሩምባ። ከዚያ ድምፃቸውን ሰማሁ።

«ጮክ ብለህ አንብበው፤ ጆሮዬ ደክሟል።»

«ዜሮ ነጥብ ሦስት፣ እናቴ። ምንም የለውም። ሰላም ነው።»

«ድገመው» አሉት።